የጠፋ ወታደር የሚፈለገው በአካፋ ብቻ አይደለም፦ «ፍለጋው ይብቃ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በውትድርና የቆዩ ሰው ናቸው። ስለ ምሽግ ሕይወት፣ ስለ ጓድነትና ከጦርነት ተመልሶ ሰላማዊ ኑሮ ስለመልመድ የጻፉት የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ነው፤ አልነካውም። ክርክሬ ከሁለተኛው ክፍል ጋር ነው። እዚያ ላይ የደረሱበት ሳይታወቅ የቀሩ ወታደሮችን መፈለግ የሚበቃበት ጊዜ ደርሷል ይላሉ። ምክንያታቸው ሲጠቃለል፦ መጥፋት የጦርነት ባሕርይ ነው፣ ዘማቹም አውቆት ነው የገባበት፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ አፈር የሚያስተርፈው ነገር የለም፤ ላልታወቀው ወታደር የቆመው መቃብር ሁሉንም ያስታውሳል፤ ለፍለጋ የሚወጣው ገንዘብ በሕይወት ላሉ ጉዳተኞች ቢውል ይሻላል፤ ፍለጋው የቤተሰብን ቁስል ያመረቅዛል፤ በመጨረሻም «ሲወድቅ አይቻለሁ» የሚል የጓድ ቃል ካለ ሞቱን አውጆ ፋይሉን መዝጋት ይበቃል።

ከስድስቱ አንዳንዶቹ እውነት አለባቸው፤ ቦታቸው ላይ ስደርስ እቀበላለሁ። መላውን ክርክር የሚያናጋው ግን ጸሐፊው ፍለጋ ሲባል አካፋ ይዞ ተራራ መቆፈር ብቻ የሚታያቸው መሆኑ ነው። ቁፋሮ የሥራው ጅራት ነው። አብዛኛው ሥራ መዝገብ ከመዝገብ ማገናኘት፣ ምስክር ማነጋገርና ካርታ ማንበብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መጥፋት የጦርነት ባሕርይ ነው» በሚለው ልጀምር። መሞት የጦርነት ባሕርይ መሆኑን የሚክድ የለም። መጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመዝገብ ጉድለት ነው። አንድ ወታደር እንዴት እንደሚጠፋ እንመልከት። ሻለቃው እያፈገፈገ ነው። አንዱ ይቆስልና ቃሬዛ ተሸካሚዎች ቅርብ ወዳገኙት የሌላ ክፍል የሕክምና ጣቢያ ያደርሱታል። ሰውየው ራሱን ስቷል፤ ልብሱ በመቀስ ተቀድዶ ሲጣል አንገቱ ላይ የነበረው የመታወቂያ ሰሌዳም አብሮ ሄዷል። ጣቢያው «ስሙ ያልታወቀ፣ ጭኑን የተመታ» ብሎ ይመዘግብና ወደ ደጀን ሆስፒታል ይልከዋል። ማታ በሻለቃው ስም ሲጠራ አቤት የሚል ይታጣል። በማግስቱ የሻለቃው ጸሐፊ መዝገቡን እንደያዘ ይመታል፤ የተተካው ሰው ዝርዝሩን ከየመቶው አዛዥ አፍ እየሰማ እንደገና ይጽፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ሰው በአንድ መዝገብ ስም የለሽ ቁስለኛ፣ በሌላው የጠፋ፣ በሦስተኛው የከዳ ሆኖ ይቀራል። «ከድቷል» የሚለው ከተጻፈ ደግሞ የቤተሰቡ ጡረታም ስምም አብሮ ይሄዳል።

ይህ የምናብ ፍርሃት እንዳይመስል የሃንጋሪያዊውን የአንድራሽ ቶማን ነገር ማንሳት ይበቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየት ጦር ተማረከ፤ በ1947 ከምርኮኞች ካምፕ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዛወረ። ከካምፑ ሲወጣ ስሙ ከምርኮኞች ዝርዝር ወጣ፤ በሌላ ዝርዝር ግን አልገባም። ቋንቋውን የሚያውቅ ባለመኖሩ ሃንጋሪኛው እንደ በሽተኛ ልፍለፋ ተቆጠረበት። አገሩ የገባው በ2000 ነው። ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሊሻገር የሚገባው አንድ መስመር ባለመሻገሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠፋ።

ጉድለቱ እንዳይከሰት የሚደረገውም በዝርዝር የተጻፈ ነው። በ1949 የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 16 ስለ እያንዳንዱ የጠላት ቁስለኛና ሙት ምን እንደሚመዘገብ ይዘረዝራል፦ ስም፣ የውትድርና ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የተያዘበት ወይም የሞተበት ቦታና ቀን፣ የቁስሉ ዓይነት ወይም የሞቱ ምክንያት። አንቀጽ 17 ከመቅበር በፊት አስከሬኑ እንዲመረመር፣ በተቻለ መጠን ለየብቻ እንዲቀበር፣ ሰሌዳው ድርብ ከሆነ አንዱ ግማሽ ከአስከሬኑ ጋር እንዲቀር ያዛል። በተግባር በጣም የሚበላሸው ይህች የመጨረሻዋ ናት። በጥድፊያ የሚቀብሩ ወታደሮች «ማስረጃ ነው» ብለው ሁለቱንም ግማሽ በጥሰው ይወስዳሉ። ሰሌዳው ኪስ ውስጥ ይዞራል፣ መቃብሩ ስም አልባ ይሆናል። ምርኮኛን በተመለከተም ሦስተኛው ስምምነት፣ አንቀጽ 70፣ ካምፕ ከደረሰ ቢዘገይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለማዕከላዊው የምርኮኞች መረጃ ድርጅት ካርድ እንዲጽፍ መብት ይሰጠዋል። ያቺ ካርድ ካልተጻፈች ምርኮኛውና ሙቱ ለቤተሰብ አንድ ናቸው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ ማምጣት ይቻላል። በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች ከ120 በላይ ጓዶቻቸው ሲወድቁ አንድም ሰው አላስማረኩም፤ በቡሳን የተባበሩት መንግሥታት መቃብር አርፈው የነበሩ አጽሞችም ወደ አገር ተመልሰዋል። እርግጥ ነው፣ ጊዜውና ቁጥሩ አግዟቸዋል፤ በየተራ የዘመቱት አንድ አንድ ሻለቃ ነበሩ፣ ግንባሩም በ1951 አጋማሽ ላይ ኮረብታ ለኮረብታ ተፋጦ የቆመ ነበር። በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚያፈገፍግ ክፍለ ጦር ይህንኑ መጠየቅ አይገባም። ግን «አይቀሬ ነው» የሚባለው ነገር ሲቀር ታይቷል።

«አውቆት ነው የገባበት» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ዘማች የተቀበለው መሞትን ነው። ቁጥር ሰጥቶ፣ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የላከው መንግሥት ደግሞ ብትወድቅ ማን እንደሆንክ አውቃለሁ ብሎ ነው የላከው። ውሉ የሁለት ወገን ነው።

ስለ አፈር የተጻፈው ክፍል ከሁሉ በላይ በእርግጠኝነት የተጻፈ፣ ከሁሉ በላይም የተሳሳተ ነው። አጥንትን የሚያጠፋው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የአፈሩ ኮምጣጣነት፣ ሙቀት፣ ውሃ የሚመላለስበት መሆንና አለመሆኑ፣ አቀባበሩም ጭምር ይወስናሉ። ኮምጣጣ አፈርና ከባድ ዝናብ ባለበት፣ በቬትናምና በላኦስ እንደሚታየው፣ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ ጥርስ ብቻ ሊተርፍ ይችላል። አየር በማያስገባ ሸክላ አፈር ውስጥ ግን ሙሉ አጽም ከመቶ ዓመት በኋላም ይገኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ፍሮሜል በሚባል ቦታ በሐምሌ 1916 የወደቁ የአውስትራሊያና የብሪታንያ ወታደሮች የተጣሉበት የጅምላ መቃብር በ2009 ሲከፈት 250 አስከሬን ወጣ፤ እስካሁን ከ170 በላይ የሚሆኑት ስማቸው ተመልሶላቸዋል። መቃብሩ የተከፈተው ከወደቁ ከ93 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም የሚጎዳው ሰው የሠራው ነው። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ሃዋይ ውስጥ ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩ አሜሪካውያን አጽሞች ከመቀበራቸው በፊት ፎርማልዴሃይድ ባለበት ዱቄት ተነስንሰው ነበር። ለማቆየት ታስቦ የተደረገው ነገር ዲኤንኤውን ሰባብሮ ለዓመታት ምርመራ እንቢ አሰኘ። መፍትሔ የመጣው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የተሰባበረ ዲኤንኤን ማንበብ የሚችል አዲስ ቴክኖሎጂ ነው። ሁለተኛው ከወረቀት የተገኘ ነው፦ ወታደሮቹ ሲመለመሉ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተነሡት የደረት ራጅ። በራጁ ላይ የሚታየው፣ ደረትን ከትከሻ የሚያያይዘው አጥንት ቅርጹ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከወጣው አጥንት ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ይመሳከራል። ያን ራጅ ከማኅደር ማን አወጣው? አካፋ አይደለም።

የአሜሪካ ጦር መርከብ ኦክላሆማም አለች። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበር ላይ ስትገለበጥ 429 ሰዎች አለቁ። አጥንታቸው ተደበላልቆ ስለተቀበረ አብዛኞቹ «ያልታወቁ» ተብለው ቀሩ። በ2015 የ388ቱ መቃብር እንዲከፈት ተወሰነ፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከ350 በላይ የሚሆኑት ተለዩ። «ምንም አይገኝም» ከተባለ በኋላ ነው ይህ ሁሉ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ፦ ሁሉም አይገኝም። በቀጥታ በመድፍ የተመታ፣ ባሕር ውስጥ የሰመጠ፣ ወንዝ ዳር የተቀበረና ወንዙ አቅጣጫ የቀየረበት፣ ለእነዚህ የሚወጣ አጽም ላይኖር ይችላል። ግን «አጽሙ አይገኝም» እና «የደረሰበት አይታወቅም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መርከቧ የሰመጠችበት ሰዓትና የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ካለ፣ አጽም ሳይወጣም ቤተሰብ መርዶውን በእርግጠኝነት ይሰማል።

ቁፋሮው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ መታወቅ አለበት፤ በደግነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ቦታው በገመድ 4 በ4 ሜትር እየተደረገ ይከፋፈላል፤ አፈሩ በስሱ እየተገፈፈ ከየትኛው ክፍልና ከስንት ጥልቀት እንደወጣ ተጽፎበት በባልዲ ይወሰዳል፤ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ወንፊት ይነፋል፤ ጭቃ ከሆነ በውሃ እየታጠበ። ጥርስና አዝራር የሚገኙት ወንፊቱ ላይ ነው። ዘመድ ወይም የቀድሞ ጓድ በራሱ ቆፍሮ አጥንቱን በጆንያ ሲያመጣ ግን የትኛው ከየትኛው ጎን እንደነበረ ይጠፋል፤ ሁለት ሰው ከነበሩ ይደባለቃሉ። የዛገ ሰሌዳ በሽቦ ብሩሽ የሚፈገፍግም አለ፤ ፊደሉ ከዝገቱ ጋር ይሄዳል። የተገኘውን ሳይነኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የቦታውን መጋጠሚያ ጽፎ ለሚመለከተው ማሳወቅ ይሻላል።

ለዲኤንኤ ደግሞ ማን ናሙና እንደሚሰጥ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ከአሮጌ አጥንት በተሻለ ሁኔታ የሚገኘው በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። ስለዚህ ለዚህ ምርመራ የጠፋው ወታደር የወለዳቸው ልጆች አይረዱም፤ እነሱ የወረሱት የእናታቸውን ነው። የሚረዱት የእናቱ ልጆች የሆኑ ወንድምና እህት፣ የእህቱ ልጆች፣ የአክስቱ (የእናቱ እህት) ልጆች ናቸው። በአባት በኩል ለሚደረገው ምርመራ ወንድ ልጁ፣ የአባቱ ልጅ የሆነ ወንድሙ ወይም የአጎቱ (የአባቱ ወንድም) ወንድ ልጅ ይጠራል። ናሙናው የሚወሰደው የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል በጥጥ ዘንግ በማሸት ነው፤ ቀደም ብሎ ለግማሽ ሰዓት ያህል አለመብላትና አለመጠጣት፣ ከዚያ ዘንጉን አድርቆ በወረቀት ፖስታ ማድረግ ያስፈልጋል። በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። እናትየው ስላለፈች ጊዜው አለፈ ማለት አይደለም፤ የእህት ሴት ልጅ ልጅም ያው መስመር ላይ ነው ያለችው።

ላልታወቀው ወታደር የቆመው መቃብር ይበቃል ለሚለው የተሻለ መልስ ራሱ መቃብሩ ሰጥቷል። አሜሪካ ባለው የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ውስጥ የቬትናም ጦርነት «ያልታወቀ ወታደር» ተብሎ በ1984 በክብር የተቀበረው ሰው ያልታወቀ አልነበረም። ስድስቱ አጥንቶች በ1972 ሲገኙ የአየር ኃይሉ አብራሪ ማይክል ብላሲ መታወቂያ አብሮ ተገኝቶ ነበር። መታወቂያው በመንገድ ጠፋ። ኋላ ላይ ከአጥንቱ የተገመተው ዕድሜና ቁመት አልገጠመም ተብሎ በ1980 ስሙ ከፋይሉ ተነሣና በቁጥር ተተካ። በ1998 መቃብሩ ተከፍቶ በዲኤንኤ ሲመረመር ብላሲ ሆኖ ተገኘ፤ ቤተሰቡም ወስዶ ቀበረው። ያ ክፍል ከዚያ ወዲህ ባዶ እንዲሆን ተወስኗል። የመታሰቢያ መቃብርን አልቃወምም፤ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ግን አንድ ቤተሰብ ልጁን እየፈለገ አገር በሙሉ በዚያው ልጅ መቃብር ላይ አበባ ሲያኖር 14 ዓመት አለፈ። መታሰቢያው የፍለጋ ምትክ ሲደረግ የሚመጣው ይህ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ጸሐፊው ከፊል ልክ ናቸው። የሩቅ አገር ቁፋሮ ውድ ነው፤ ሕይወትም ያስከፍላል። ሚያዝያ 2001 ቬትናም ውስጥ የጠፉ ወታደሮችን ፍለጋ የወጣች ሄሊኮፕተር ወድቃ 16 ሰዎች፣ አሜሪካውያንና ቬትናማውያን፣ አልቀዋል። በቤተሰብ ተስፋ ነግደው የሐሰት ሰሌዳና የማንም ያልሆነ አጥንት የሚሸጡም ሞልተዋል። ስለዚህ የት እንደሚቆፈር ማጣራት ከሌለ ባይቆፈር ይሻላል። ነገር ግን ወጪውን የሚያንረው መጀመሪያ ላይ ያልተሠራው ርካሽ ሥራ ነው። በፎክላንድ ጦርነት የወደቁትን አርጀንቲናውያን በ1983 ሰብስቦ የቀበረው የብሪታንያ መኮንን ጄፍሪ ካርዶዞ የብዙዎቹን ስም አያውቅም ነበር። ያደረገው ነገር እያንዳንዱን አስከሬን በየብቻው በድርብ ጠቅልሎ፣ ከየት እንደተነሣ በማይለቅ ቀለም ጽፎ፣ ዝርዝሩን ለቀይ መስቀል ማስተላለፍ ነው። ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ 121 መቃብር ሲከፍት አስከሬኖቹ ሳይደባለቁ ተገኙ፤ እስካሁን ከ110 በላይ ተለይተዋል። ቀለምና መጠቅለያ ስንት ያወጣል? የጉዳተኛው ሕክምናና የጠፋው መዝገብ በአንድ ኪስ የሚሻሙ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም፤ የተሟላ መዝገብ የቆሰለው ጡረታውን የሚያገኝበትም ወረቀት ነው።

«የቤተሰብን ቁስል ያመረቅዛል» የሚለው ከልብ የተጻፈ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብም በቃኝ ይላል፤ መብቱ ነው። የማይቀበል ሰው በር አይንኳኳም። የቀረው ግን እርሙን ሳያወጣ የተቀመጠ ነው። ሚስት ባሏ የሞተባት አይደለችም፣ የፈታችም አይደለች፤ ንብረቱ አይከፈልም፣ ልጆቹ ሞግዚት አይወጣላቸውም። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 32 የቤተሰብን የማወቅ መብት ያስቀመጠው፣ አንቀጽ 33 ደግሞ ፍለጋ ቢዘገይ ውጊያ ሲቆም ይጀመር ያለው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ፍለጋ የድሮ ጠላትነት ይቀሰቅሳል የሚሉትም በቆጵሮስ አልታየም። እዚያ 2,002 ሰዎች ከሁለቱም ወገን ጠፍተው ነበር። በ1981 በተቋቋመው የጋራ ኮሚቴ ሥር ግሪክና ቱርክ ቆጵሮሳውያን ባለሙያዎች አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ቆፍረዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተለይተዋል። ኮሚቴው ማን ገደለ የሚለውን አይመረምርም። ምስክር አፉን የከፈተው በዚህ ነው። ዋጋ አለው፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ቤተሰብ በዚያ አይረካም። ግን መንገድ እንዳለ ያሳያል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የጓድ ምስክርነት ይበቃል የሚለው፣ ከአንድ የቀድሞ ወታደር መምጣቱ አስገርሞኛል። ተኩስ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚያይ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ሰው ሲወድቅ አየሁ ማለት ሲሞት አየሁ ማለት አይደለም። የተመታ፣ የተደናቀፈ፣ መሬት የያዘ ሁሉ ከሩቅ ያው ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የነበረው ጃፓናዊው ሂሮኦ ኦኖዳ በ1959 በይፋ እንደሞተ ታውጆ ነበር፤ ከፊሊፒንስ ጫካ በእግሩ የወጣው በ1974 ነው። በምስክርነት የሚሳሳተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስም ነው። በውጊያ ቦታ ሰው በቅጽል ስም ይጠራል፤ በአንድ መቶ ውስጥ ያው ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ ከሳምንት በፊት የመጣው ተተኪ ደግሞ ስሙ ገና አልተለመደም።

ቃል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጥሩ ሆኖ ከተወሰደ ፋይል የሚያስከፍት እንጂ የሚያዘጋ አይደለም። አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። ምስክሮች በየብቻ ይጠየቃሉ፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ትዝታ ይወስዳል። መጀመሪያ የጠፋው ሰው ስም አይነገራቸውም፤ የዚያን ቀን ነገር በራሳቸው ቅደም ተከተል ይተርካሉ። ከዚያ በዓይኑ ያየውና የሰማው ይለያል፤ «ሞተ» ላለ ሰው «በምን አወቅህ? ምን ያህል ራቅህ? ነካኸው? ማን ቀበረው?» ይባላል። ቀኑን ካላስታወሰ ዝናብ ነበር ወይ፣ ጨረቃ ነበረች ወይ፣ በዓል አልፎ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በመጨረሻ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ምሽጉን፣ የውሃውን ፈሰስ፣ መንገዱንና ትልልቁን ዛፍ ይስላል። ዛፍ ይቆረጣል፣ መንገድ ይቀየራል፤ ስለዚህ ከኮረብታው ጫፍና ከወንዙ መታጠፊያ ያለው ርቀት በእርምጃ ይጻፍ።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሐል፣ ስሙን ሳይጠቅሱ፣ ከጅረት ማዶ በእጃቸው የቀበሩትን ጓድ በሁለት መስመር አንሥተው አልፈዋል። ያ ሁለት መስመር አንድ ፋይል ነው። የክፍላቸው ቁጥር፣ የጓዱ ሙሉ ስም ወይም ቅጽል ስሙ፣ ጅረቱ ከየት ወዴት እንደሚፈስ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ፣ ሰሌዳውን ትተውለት እንደሆነ ወይም ወስደውት እንደሆነ፣ አብረዋቸው የነበሩ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች። በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ቀን አድርገው ፈርመው፣ አንዱን ቅጂ ለቀድሞ ክፍላቸው መዝገብ ቤት፣ ሌላውን ቤተሰብ በማፈላለግ ለሚሠራው ለቀይ መስቀል ክፍል መስጠት ይችላሉ። ለዚህ ቁፋሮም በጀትም አያስፈልግም።